ሲድኒ ፖይቲየር፦ ስለሠራቸው ብቻ ሳይሆን እምቢ ስላላቸው ሚናዎችም እናውራ

የኋላ ወንበር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ማታ ሲድኒ ፖይቲየር ኦስካር የወሰደበትን ፊልም፣ «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ»ን፣ እንደገና አየሁት። ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፣ ስለዚህ ሰው የሆነ ነገር ካልጻፍኩ አልተኛም ብዬ ተነሳሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሲድኒ ፖይቲየር ጃንዋሪ 6 ቀን 2022 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ ሁሉም የጻፈው አንድ ነገር ነበር። በምርጥ መሪ ተዋናይነት ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው። እውነት ነው፣ በ1964 ወስዷል። ግን ሰውየው እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይገባም። ትጠበዋለች። እኔ የምወድለት ታሪክ ከኦስካሩ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ የሆነ ነው፣ ካሜራ ያልነበረበት።

ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች። ለሆስፒታል የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ያኔ አንድ ወኪል የፊልም ሚና አመጣለት፣ ክፍያው በሳምንት 750 ዶላር። ላጣ ሰው ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሚናው የአንድ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሰውየው ወንጀል አይቷል፣ እንዳይናገር ሊያስፈራሩት ፈልገው ትንሽ ልጁን ይገድሉና ሬሳዋን ቤቱ ደጃፍ ይጥሉታል። አባትየውስ? ምንም። ዝም ይላል። ታሪኩ እሱን እዚያው ትቶት ያልፋል። ሲድኒ ስክሪፕቱን አንብቦ «አልሠራውም» አለ። ወኪሉ ለምን ቢለው አልመለሰለትም። ሄዶ የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረና የሆስፒታሉን ከፈለ።

ምክንያቱን የተናገረው በኋላ ነው። አባት ሆኖ ልጁ ተገድላ ዝም የሚል ሰው መጫወት አልቻለም፣ ምክንያቱም የራሱ አባት እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበረም። በቃ ይኸው ነው። ማንም አላየውም፣ ማንም አላጨበጨበለትም። ወኪሉ ማርቲን ባም ግን ነገሩ ከአእምሮው አልወጣለትም። እንዲህ ያለ ሰው ወኪሉ እኔ ልሁን ብሎ ተመልሶ መጣ፣ አብረውም ብዙ ዓመት ሠሩ።

ስለዚህ ክሩን የከፈትኩት ለዚህ ነው። እናንተ ዘንድ ፖይቲየር ማን ነው? የምታውቁትን ጻፉ፣ የማትስማሙም ካላችሁ ጻፉ።

ዝምተኛ አንባቢ፦

የ75 ዶላሩን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ሁለቴ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

ቀይ መጋረጃ፦

ጥሩ ክር ነው የከፈትከው ወንድሜ። እኔ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ያ «አልሠራውም» ከየት እንደመጣ ካላየን ሰውየው አይገባንም።

ወላጆቹ የባሃማስ ገበሬዎች ናቸው። ካት አይላንድ በምትባል ደሴት ላይ ቲማቲም ያመርታሉ። ቲማቲማቸውን ሊሸጡ ማያሚ በሄዱበት እናቱ ቀኑ ሳይደርስ ወለደችው፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1927። አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። አባቱ ልጁ እንደማይተርፍ ቆርጦ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ፣ እሱ ውስጥ አድርገው ሊቀብሩት። እናቱ እሺ አላለችም። የወደፊቱን ታያለች ወደሚሏት አንዲት ሴት ሄደች። ሴትዮዋም ልጁ እንደሚተርፍ፣ ስማቸውንም ይዞ ዓለምን እንደሚዞር ነገረቻት። ይህን ሲድኒ ራሱ በሕይወት ዘመኑ ሙሉ ሲተርከው ኖሯል። የመጀመሪያዋ እምቢ ባይ እንግዲህ እናቱ ነች።

ደሴቷ ላይ መብራት የለም፣ የቧንቧ ውሃ የለም። ፍሎሪዳ የባሃማስን ቲማቲም አላስገባም ስትል የአባቱ ገበያ ሞተ፣ ልጁ አሥር ዓመት ሲሆነው ወደ ባሃማስ ዋና ከተማ ወደ ናሳው ሄዱ። መኪና ያየው እዚያ ነው። ፊልምም እዚያ ነው። መጀመሪያ ያየው የካውቦይ ፊልም ነበር። ሲያልቅ ሮጦ ወጣና ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ቆመ። ከብቶቹና ፈረሰኞቹ በዚያ በኩል ሲወጡ ሊያያቸው! ይህችን ታሪክ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ያደገው ጥቁር መሆን እንደ ጉድለት በማይቆጠርበት ቦታ ነው፣ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እሱን ይመስላል። ከዚያ በ15 ዓመቱ ማያሚ ወንድሙ ዘንድ ተላከ። ዕቃ የሚያደርስ ሠራተኛ ሆነ። አንድ ቀን በፊት ለፊት በር ዕቃ ሊያስረክብ ሲል የቤቱ እመቤት በጓሮ ዞረህ ና አለችው። ልጁ ግራ ገባው። እኔም እዚህ አለሁ፣ አንቺም እዚህ አለሽ፣ ታዲያ ጓሮ ምን ያደርጋል? ዕቃውን ደጃፏ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በዚህ የተነሳ ኩ ክሉክስ ክላኖች፣ ጥቁሮችን የሚያሸብሩ ነጭ ዘረኞች፣ ወንድሙ ቤት ድረስ ፈልገውት መጡ።

እምቢ ማለትን ሆሊውድ አላስተማረውም። ይዞት ነው የሄደው።

የመድረክ ሰው፦

ወይ ጉድ፣ ስለ ትወናው አንድም ሰው ሳይጽፍ እዚህ ደረስን። እኔ መድረክ ላይ የምሠራ ሰው ነኝና በዚያ በኩል ልግባ።

ኒው ዮርክ ሲደርስ 16 ዓመቱ ነው። አውቶቡስ ጣቢያ ያድራል፣ ሳህን ያጥባል። የሥራ ማስታወቂያ ሲያይ «ተዋንያን ይፈለጋሉ» የሚል አገኘ፣ ከአሜሪካን ኒግሮ ቲያትር። ሳህን አጣቢ ይፈለጋል ከሚለው አጠገብ ነበር። ሄደ። መድረክ ላይ አውጥተው ስክሪፕት ሰጡት። ማንበብ በደንብ አይችልም፣ የባሃማስ ቅላጼው ደግሞ የከረረ ነው። እየተንገዳገደ ጀመረ። ፈታኙ ወረቀቱን ነጥቆ እየገፋ ወደ በሩ ወሰደው፣ ጊዜያችንን አታባክን፣ ሂድና ሳህን ማጠብ የመሰለ ሥራ ፈልግ አለው።

አስተውሉ፣ ሲድኒ ሳህን አጣቢ መሆኑን ለሰውየው አልነገረውም። መንገዱን ይዞ ሲሄድ ያንገበገበው ይህ ነበር። አይቶኝ የታየው ይህ ብቻ ነው ማለት ነው? ተዋናይ ለመሆን የወሰነው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ሬዲዮ ገዛ። ለስድስት ወር ያህል አስተዋዋቂዎቹ የሚሉትን ቃል በቃል እየደገመ ቅላጼውን ለወጠ። ሲመለስም ወዲያው አልተቀበሉትም፣ እንዲያስተምሩት ቲያትር ቤቱን በነጻ ልጥረግ አላቸው።

ከዚያ የሌላ ጥቁር ተዋናይ፣ የሃሪ ቤላፎንቴ፣ ተጠባባቂ ሆነ። አንድ ቀን ቤላፎንቴ ሥራ ይዞት ቀረና ሲድኒ ተተካ። የዚያን ዕለት ያየው ሰው የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ባሉበት ብሮድዌይ ላይ ትንሽ ሚና ሰጠው፣ 1946 ነው። የመጀመሪያው ማታ መጋረጃው ሲከፈት ሰውን አየና ቃሉ ጠፋው። ንግግሩን አዘበራረቀው፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው። ተመልካቹ ሳቀ። አለቀልኝ ብሎ ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ ጋዜጦቹ እሱን አመሰገኑ! ይህን ታሪክ መድረክ ላይ ቃል ጠፍቶት ለሚያውቅ ሰው ሁሉ እነግረዋለሁ። እኔም አንዴ ጠፍቶኛል፣ አራት መቶ ሰው ፊት፣ ጉሮሮዬ ደርቆ። የመለሰኝ ይኸው ታሪክ ነው።

ትወናው ላይ የምወድለት ደግሞ ዝምታውን ነው። ወጣት ሳለሁ አብሬው የሠራሁት አንድ አዘጋጅ ንዴት ማለት ጩኸት ነው ይለኝ ነበር፣ ጩህ፣ ጨምር፣ አሁንም ጨምር። ፖይቲየር ሲናደድ እዩት እስቲ። ድምጹ ዝቅ ይላል። ቃላቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል። አንገቱ ቀጥ ይላል፣ ዓይኑ ብቻ ይሠራል። «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ላይ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያለውን ትዕይንት ድምጹን አጥፍታችሁ እዩት፣ ሁሉም ነገር ይገባችኋል። ይህን ለመሥራት ምን ያህል ልምምድ እንደሚፈልግ የሞከረ ያውቀዋል።

ጥያቄ አለኝ፦

ሰላም። የማትስማሙ ጻፉ ስላላችሁ ልጻፍ። እኔ ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ አንሳለሁ መሰለኝ፣ ፊልሞቹን ያየሁት ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። ለእሱ ያለኝ ክብር እንደተጠበቀ ነው። ግን አንድ ነገር ያስቸግረኛል።

ሁሌ ጥሩ ሰው ነው። ሁሌ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ጨዋ ንግግር፣ ትዕግሥት። «ጌስ ሁ ኢዝ ከሚንግ ቱ ዲነር» ላይ ዓለም ያወቀው ሐኪም ነው፣ አንድም ጉድለት የለበትም፣ እና ፍቅረኛውን ሲስማት የምናየው በታክሲው የኋላ መመልከቻ መስታወት ውስጥ ነው፣ ለሰከንዶች። «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» ላይ ደግሞ አብሮት ለታሰረው ነጭ ሲል ከሚያመልጥበት ባቡር ላይ ይወርዳል። ለምን ይወርዳል? ይህ ሰው ራሱን የሚያድነው መቼ ነው? ሁሌ ነጮቹ እንዲማሩ ነው የሚደክመው። ስታዩት አልደከማችሁም?

ቀይ መጋረጃ፦

ጥያቄህ አዲስ አይደለም፣ ይህን የምልህ ግን ላጣጥለው አይደለም። ጥቁሩ አሜሪካዊ ደራሲ ጄምስ ባልድዊን አንተ ያልከውን ብሏል። ያንን የባቡር ትዕይንት ሁለት ቦታ እንዳየው ጽፏል። መሃል ከተማ ያሉት ነጭ ተመልካቾች አጨበጨቡ። የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሃርለም ውስጥ ግን ተመልካቹ ተቆጥቶ ተመለስ፣ ባቡሩ ላይ ውጣ እያለ ይጮህበት ነበር። አንተ የጮህከው ከሃርለሞቹ ጋር ነው። በ1967 ደግሞ ክሊፎርድ ሜሰን የሚባል ጸሐፊ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ነጭ አሜሪካ ሲድኒ ፖይቲየርን ለምን እንዲህ ወደደችው ብሎ በጣም የከረረ ጽሑፍ አወጣ። ያ ጽሑፍ እሱን አሳምሞታል።

ግን የሱንም መልስ ስማ። ያኔ ሆሊውድ ውስጥ ያለማቋረጥ በመሪነት የሚሠራ ጥቁር ተዋናይ እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩ ሌላ ቢሆን ኖሮ ክፉ ሰው መጫወትን አጥብቄ እፈልግ ነበር ብሏል፣ ብቻዬን ባለሁበት ሰዓት ግን አላደርገውም። አስበው፣ አንድ ነጭ ተዋናይ ሌባ ቢጫወት አንድ ሌባ ነው። እሱ ሌባ ቢጫወት ግን ሚሊዮኖች ሌባ ተብለው ይወጣሉ። ይህን ሸክም አልመረጠውም።

የመስታወቱ መሳሳም ላይ ልክ ነህ። ፈርተው ነው እንዲያ ያደረጉት። ሆኖም ጊዜውን ተመልከት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቁርና በነጭ መካከል ጋብቻ የሚከለክሉትን ሕጎች የሻረው ጁን 12 ቀን 1967 ነው። ፊልሙ ሲቀረጽ በፊልሙ ላይ ያሉት ሁለቱ ቢጋቡ በ16 ግዛቶች ወንጀለኞች ነበሩ።

ጥያቄ አለኝ፦

አመሰግናለሁ። የሃርለሙን አላውቅም ነበር። ገና እያሰብኩበት ነው፣ ሙሉ በሙሉ አሳመንከኝ አልልም። ቢያንስ ድካሙ የማን እንደነበር አሁን ይበልጥ ገባኝ።

የኋላ ወንበር፦

አላመንኩም ማለትህን ወድጄዋለሁ፣ እንዲህ ነው እንጂ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጨዋነቱን ከታዛዥነት ጋር አንድ አታድርገው። «ብላክቦርድ ጀንግል»ን ሊሠራ ሲል፣ 1955 የወጣው፣ የስቱዲዮው ጠበቆች ወረቀት አቀረቡለት። ፖል ሮብሰንንና ካናዳ ሊን እንዲክድ። ሁለቱም እሱ የሚያከብራቸው ታላላቅ ጥቁር ተዋንያን ነበሩ፣ በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ሥራ የተነፈጋቸው። ያኔ አንድ ፊርማ የሰውን እንጀራ ያስቆርጥ ነበር። አልፈረመም። ፊልሙን ግን ሠራው፣ ዕድሜው ወደ 28 ሆኖ ተማሪ ሆኖ። ከ12 ዓመት በኋላ «ቱ ሰር፣ ዊዝ ላቭ» ላይ ራሱ አስተማሪ ሆኖ መጣ፣ ሁለቱን ተከታትላችሁ እዩአቸው።

ማለዳ፦

እኔ ስለ ጥፊው ማንም አለመጻፉ ገርሞኛል። እንዴት?

ላላዩት፦ «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» 1967 የወጣ ነው። ቨርጂል ቲብስ የሚባል ጥቁር መርማሪ ፖሊስ ደቡብ ውስጥ አንድ ሀብታም የጥጥ እርሻ ባለቤት ይጠይቃል። ሰውየው እንዴት ተጠየቅሁ ብሎ በጥፊ ይመታዋል። ቲብስ አንዲት ሰከንድ አይቆይም። እሱም መልሶ በጥፊ ይመታዋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ከእናቴ ጋር ነው፣ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ቆመች። ቃል አልወጣትም፣ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ስክሪፕቱ ላይ ጥፊውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ይወጣ ነበር፣ ሲድኒ ነው ያስቀየረው ይባላል።

ቀይ መጋረጃ፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላስተካክል። እሱ ሲተርከው እንዳልሽው ነው። መልሼ ካልመታሁ አልሠራም፣ ፊልሙ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ትዕይንቱ እንዳይቆረጥ ብዬ ቃል አስገባሁ ይላል። በሌላ በኩል ጥፊው ከመጀመሪያውም ስክሪፕቱ ላይ ተጽፎ ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ማወቅ ጥሩ ነው። የማያከራክረው ደግሞ ቀረጻው ላይ ያደረገው ነው። ታሪኩ ሚሲሲፒ ውስጥ ሆኖ ሳለ ደቡብ ሄጄ አልቀርጽም ብሎ ብዙው ስፓርታ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ተቀረጸ። ለጥቂት ቀናት የግድ ቴነሲ ሲገቡ ትራሱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ ነበር የሚተኛው።

ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወሰደ፣ አብሮት የሠራው ሮድ ስታይገርም በመሪ ተዋናይነት ወሰደ። ፖይቲየር ዕጩ እንኳ አልሆነም። ሥነ ሥርዓቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ በመገደሉ ሁለት ቀን ተላልፎ ነበር።

ማለዳ፦

አመሰግናለሁ፣ እርማቱን ተቀብያለሁ። ደግሞ አንድ ነገር አስታወስከኝ። የመጀመሪያው ትልቅ ፊልሙ «ኖ ዌይ አውት» ነው፣ 1950፣ ሐኪም ሆኖ። ወላጆቹ እሱን ሊያዩ ናሳው ላይ ሲኒማ ገቡ፣ ፊልም ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ፊልሙ ላይ ነጩ ሰውዬ በሽጉጥ ሲደበድበው እናቱ ብድግ ብላ መልሰህ ምታው ሲድኒ፣ አንተ ምን አደረግከው ብላ ጮኸች። ከ17 ዓመት በኋላ መልሶ መታ። እናቱን ሰምቷት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን ጥፊውን ባየሁ ቁጥር የምትታየኝ እሷ ነች።

ሁለተኛ ዕይታ፦

ከፊልም ውጪ ያለውን ልጨምር፣ ምክንያቱም ለእኔ ክብሩ እዚያ ነው የታየኝ።

ኦገስት 1964። ኦስካሩን ከወሰደ ገና አራት ወሩ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች ለምርጫ እንዲመዘገቡ የሚሠሩ ወጣቶች ገንዘብ አልቆባቸዋል፣ ሦስቱ ተገድለው አስከሬናቸው የተገኘውም በዚያው ሰሞን ነው። ቤላፎንቴ 70,000 ዶላር አሰባሰበ፣ ጥሬ ገንዘብ። እንዴት ይድረስ? ሁለት ሆነን ከሄድን፣ ሁለት ታዋቂ ጥቁሮችን በአንዴ ሊገድሉ ይፈራሉ ብሎ ሲድኒን ለመነው። ሄዱ። በትንሽ አውሮፕላን በማታ ግሪንዉድ አጠገብ አረፉ። ወጣቶቹ መኪና ይዘው ተቀበሏቸው። ሲነሱ ከሜዳው ዳር ጭለማ ውስጥ መብራት በራ። ክላኖቹ ነበሩ። ተከተሏቸው፣ መኪናቸውን ከኋላ ገጩት። የሚያሽከረክረው ልጅ እንዲያልፉ መንገድ አልሰጣቸውም፣ ግሪንዉድ ያሉትም በሬዲዮ ተጠርተው መኪኖች ልከው አደረሷቸው። ገንዘቡን ይዘው ሲገቡ ቤቱ በዘፈን ተናወጠ። ያን ሌሊት ሁለቱም ሰው እየጠበቃቸው በአንድ ክፍል አደሩ።

ለምን እንደምጽፈው ታውቃላችሁ? ሊቀር ይችል ነበር። ቼክ መላክ ይችል ነበር። ብዙ ሰው ኦስካር ካገኘ በኋላ የሚጠብቀው ነገር ይበዛና እግሩን ይሰበስባል፣ እኔም በራሴ ትንሽ ሕይወት ውስጥ የሚጠፋ ነገር ስላለኝ ብቻ ዝም ያልኩባቸው ቀኖች አሉ፣ ስለ እነሱ ሳስብ ያመኛል። እሱ የሚጠፋ ነገር በያዘበት ሰዓት ነው የሄደው።

ዝምተኛ አንባቢ፦

ሁለተኛ ዕይታ፣ ስለ ጻፍከው አመሰግናለሁ። የመጨረሻው አንቀጽ ለእኔም ነው።

ቀይ መጋረጃ፦

ስለ ከብቶቹ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በ1972 «ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር» የሚል የካውቦይ ፊልም ሠራ። ሊመራው የተቀጠረው ሌላ ዳይሬክተር ነበር፣ ቀረጻው በተጀመረ በጥቂት ቀናት ሳይስማሙ ቀሩና ካሜራውን ራሱ ተረከበ። መሪ ተዋናዮቹ እሱና ቤላፎንቴ ናቸው። ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮች ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የሚያሳይ ነው። ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ፈረሰኞቹን የጠበቀው ልጅ፣ 45 ዓመት ሲሞላው ፈረሰኞቹን ራሱ አወጣቸው። እሱን የመሰሉ ፈረሰኞች።

ከዚያ ወዲያ ዳይሬክተርነቱ ገፋ። በ1980 የሠራው «ስተር ክሬዚ» ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ በጥቁር ዳይሬክተር ለተመራ ፊልም ያኔ ያልታየ ነበር። የሚገርመው ኮሜዲ ነው። ያ ሁሉ ጨዋ፣ ያ ሁሉ ከባድ ሰው፣ ሰዎችን ማሳቅ ፈለገ። ጥያቄ አለኝ፣ አንተ እሱን እንዲያርፍ ከፈለግክ እነዚያን የ70ዎቹን ፊልሞች እይ፣ ከኮሜዲያኑ ቢል ኮዝቢ ጋር የሠራቸውን። ትከሻው ላላ ብሎ ታየዋለህ።

በኋላም የባሃማስ አምባሳደር ሆኖ ጃፓን ተሾመ፣ ከ1997 እስከ 2007። የእናቱ ነገር ደረሰ፣ ስማቸውን ይዞ ዓለምን ዞረ።

የመድረክ ሰው፦

2002ን ሳናነሳ አንለፍ። ያን ማታ የክብር ኦስካር ተሰጠው። በዚያው ምሽት ዴንዝል ዋሽንግተን በመሪ ተዋናይነት አሸነፈ፣ ከሲድኒ ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር፣ ከ38 ዓመት በኋላ። ሃሊ ቤሪም በሴቶቹ በኩል የመጀመሪያዋ ሆነች። ዴንዝል ሽልማቱን ከፍ አድርጎ ወደ ላይ፣ ሲድኒ ወደተቀመጠበት ሰገነት አሳየው። ሲድኒም ከመቀመጫው ተነስቶ የራሱን ከፍ አደረገለት። ምንም ቃል አልነበረም ከእሱ በኩል። ዝምታውን ነው የምወደው ያልኳችሁ ይኸው ነው።

38 ዓመት ግን። ቁጥሩን ስጽፈው ራሱ ይከብደኛል።

የኋላ ወንበር፦

ማለዳ፣ እናትሽ ተነስታ ቆመች ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። አሁንስ ፊልም ታያለች?

ማለዳ፦

ታያለች። እንዲያውም ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ58 ዓመቷ ነው፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ እየተማረች። ስለዚህ ማንም ያልጻፈውን አንድ ታሪክ እኔ ጨመርኩላት፣ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሲድኒ ሳህን በሚያጥብበት ምግብ ቤት አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ አስተናጋጅ ነበሩ። ማታ ሥራ ሲያልቅ ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ ቀን ልጁ ጋዜጣውን ሲያይ አዩትና ምን አዲስ ነገር አለ አሉት። በደንብ ማንበብ አልችልም አላቸው። አብረን እናንብብ? አሉት። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሳምንታት፣ ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ፣ ሁለቱ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ነጠላ ሰረዝ ምን እንደሚሠራ፣ ረጅም ቃል እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሁሉንም እሳቸው ናቸው ያሳዩት። በ1992 የአሜሪካ የፊልም ተቋም ለሕይወት ዘመን ሥራው ሲሸልመው፣ ያ ሁሉ የሆሊውድ ሰው ፊቱ ተቀምጦ፣ እኚህን አስተናጋጅ አመሰገናቸው።

እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። ስማቸው ማን ነበር? አለችኝ። ስማቸውን እንደማያውቀው፣ ያኔ ንግግሩ ላይም ይህንኑ እንደተናገረ ነገርኳት። ብዙ ቆየች ሳትናገር። ከዚያ ተነስታ ደብተሯን አመጣችና በእርሳስ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ እየላጰሰች። ማታ ማታ ያስተማረቻትን ልጅ ስም ነበር የጻፈችው። ከነአባቷ። ዞር አድርጋ አሳየችኝና «ልክ ነው አጻጻፉ?» አለችኝ።

አየሁት። ልክ ነው አልኳት።